ደሴ ላይ ጠዋት የማይነሳ፣ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ምት የሚነሳ ሞተር ሳይክል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ የምመላለሰው አራት ዓመት በሠራች ባለ 150 ሲሲ የህንድ ሥሪት ሞተር ሳይክል ነው። ካርቡረተር ያላት፣ በእግርም በሞተሪኖም የምትነሳ ናት። ከኅዳር ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አልነሳ ትላለች። ቾኩን ስቤ፣ ጋዝ እየሰጠሁ ደጋግሜ እሞክራለሁ፤ ሞተሪኖው መጀመሪያ በደንብ ያሽከረክራል፣ ኋላ እየደከመ ይሄዳል። ስትነሳልኝም እንዳትጠፋብኝ ቾኩን ሳልመልስ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ደግሞ ማርሽ አውጥቼ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ግን በአንድ ምት ትነሳለች። ባትሪ በጥቅምት ቀይሬያለሁ። ካንዴላውን ሳወጣው ጥቁርና እርጥብ ነው። አንዱ መካኒክ ካርቡረተሩ ይቀየር ይላል፤ ሌላው ሞተሩ መከፈት አለበት ይላል፤ ጎረቤቴ ደግሞ ከሰል አቀጣጥለህ ከሥሯ አስቀምጥ ይለኛል። ችግሩ ብርዱ ነው? ምን ልቀይር?»

ምላሽ፦ ከከሰሉ ልጀምር፤ ዛሬውኑ ይተዉት። ካርቡረተር ትርፍ ቤንዚን የሚያፈስበት ቀጭን ቱቦ አለው። እርስዎ እንደገለጹት ሞተሩ ቤንዚን ጠጥቶ ሳይነሳ ሲቀር ከዚያ ቱቦ ጠብ ጠብ ማለቱ የተለመደ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ምድጃው የተቀመጠውም እዚያው ነው። ሞተር ሳይክሉ የሚያድረው ሰው በሚተኛበት ቤት ወይም ከእሱ ጋር በተያያዘ ክፍል ከሆነ ደግሞ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። የፈላ ውኃ ካርቡረተሩ ላይ ማፍሰስም አይረባም፤ የሚያሞቀው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚያረጥበው ግን የካንዴላውን ቆብና የሽቦ መጋጠሚያዎችን ነው፤ እነሱ ሲረጥቡ ደግሞ ሌላ የማይነሳበት ምክንያት ተጨመረ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመጣ፣ ብርዱ ችግሩን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ቁጥር ንጋት ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ወደ ኩታበር ወይም ወደ ጉጉፍቱ ከፍ ሲባል ውርጭም አለ። ይህ ሰውን ያንቀጠቅጣል፤ ለሞተር ግን ከባድ ብርድ የሚባል አይደለም። ውኃ በሚረጋበት ብርድ ባለ ካርቡረተር ሞተር ሳይክሎች ይነሳሉ። ጤናማ ሞተር በደሴ ንጋት የማይነሳበት ምክንያት የለም። ካልነሳ፣ በሙቀት ጊዜ ተሸፍኖ የቆየ አንድ ወይም ሁለት ድክመት አለበት።

ብርድ ሞተር ላይ የሚያደርሰው ነገር ሦስት ነው። አንደኛ፣ የሚቃጠለው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ሲበርድ ደግሞ ቤንዚን በደንብ አይተንም። አብዛኛው በአየር ማስገቢያው ግድግዳ ላይ እንደ ላብ ተለጥፎ ይቀራል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚደርሰው ትነት ያንሳል። ቾክ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ የቤንዚኑን ድርሻ ከፍ አድርጎ በቂ ትነት እንዲገኝ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የሞተር ዘይት ይወፍራል፣ ሞተሩም ለመሽከርከር ይከብዳል። ሦስተኛ፣ ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የአሲድ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ አቅሙ በአምስተኛ ያህል ይወርዳል፤ በደሴ ጠዋት የሚጎድለው ከዚህ ያነሰ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ለብልጭታው የሚተርፈው ዕድል ይጠብባል። ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ አየሩ ሞቃት ነው፣ ቤንዚኑ በቀላሉ ይተናል፣ ደካማ ብልጭታም ይበቃዋል። ስለዚህ እዚያ በአንድ ምት መነሳቱ ሞተሩ ጤናማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አራተኛ ነገር አለ፤ የእርስዎ ችግር ቁልፍም ይኸው ይመስለኛል። እሱም ከፍታው ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። 1 ግራም ቤንዚን በአግባቡ ለመቃጠል 14.7 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። የካርቡረተር ቀዳዳዎች የሚለኩት ፋብሪካው ለዝቅተኛ ቦታ በወሰነው መጠን ነው፤ ከፍ ወዳለ አገር ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቀዳዳው ግን ያው ነው። በዚህ የተነሳ ደሴ ላይ ድብልቁ ፋብሪካው ካሰበው ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ነገሩ ይቀልላታል። የአየር መጠንን በሴንሰር እየለካ ቤንዚኑን ራሱ የሚመጥን የኢንጀክሽን ሞተር ይህ ችግር የለበትም፤ የእርስዎ ግን ማንም ካልነካው በቀር ሳይመጠን የሚኖር ነው። ቤንዚን በበዛበት ሞተር ላይ ቾክ ሲሳብ፣ ቾኩም ቶሎ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሞተሩ በቤንዚን ይታፈናል።

ካንዴላዎ ይህንኑ ነግሮዎታል። ጥቁር የሆነው ለቀናት ቤንዚን በዝቶበት ሲሠራ የተጠራቀመ ጥላሸት ስለያዘው ነው፤ እርጥብ የሆነው ደግሞ በዚያ ጠዋት የገባው ቤንዚን ስላልተቀጣጠለ ነው። ካንዴላውን በብርሃን ቀረብ አድርገው ይዩት። በመካከለኛው ዘንግ ዙሪያ ያለው ሸክላ ግራጫማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ መሆን ነበረበት። እርስዎ ዘንድ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሮ ከሆነ ያ ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ክፍተቱን ዘሎ መቀጣጠል የነበረበት ጉልበት በጥላሸቱ ላይ ተንሸራትቶ ወደ ብረቱ ይፈሳል፤ ቤንዚን ሲርሰው የባሰ ይሆናል። ብልጭታው ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል፤ ግን ይደክማል። በሞቃት ከሰዓት ይበቃል፤ ንጋት ላይ አይበቃም።

ከዚህ በመነሳት ሁለቱን መካኒኮች እንይ። ካርቡረተሩ ይቀየር ያሉት ቤንዚን አልደርስ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሊያስኬድ ይችል ነበር፤ እርጥብ ካንዴላ ግን ቤንዚን መድረሱን፣ እንዲያውም መብዛቱን ይናገራል። አዲስ ካርቡረተር ቢገዙም በተመሳሳይ ቀዳዳ ለተመሳሳይ ዝቅተኛ አገር የተለካ ነው የሚሆነው፤ ከገበያ የሚገኘው ርካሽ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ካለዎት የባሰ ነው። ሞተሩ ይከፈት ያሉት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ሳይለኩ ከሆነ ገምተው ነው። ባትሪውም ቢሆን መጀመሪያ ላይ በደንብ ካሽከረከረ ጤናማ ነው። የሚደክመው የማይነሳ ሞተር ደጋግመው እንዲያሽከረክር ስላደረጉት ነው፤ በዚህ ዓይነት አዲሱንም በአጭር ጊዜ ይገድሉታል።

አሁን ስለ አነሳስዎ። ቾክ ስበው ጋዝ መስጠት ስህተት ነው። ቾክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየር ማስገቢያውን በክዳን ይዘጋል፤ ሁለተኛው ክዳን የለውም፣ ይልቁንም ትርፍ ቤንዚን የሚስብ ሌላ ቀጭን መንገድ ይከፍታል። ሁለተኛው የሚሠራው የጋዝ እጀታው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሞተሩ በኃይል ሲስብ ብቻ ነው፤ እጀታውን ባዞሩ ቁጥር ስበቱ ይላላል፣ ቾኩም ሥራውን ያቆማል። በክዳን የሚዘጋው ጋዝ ቢሰጡት ብዙም አይከፋም፤ ነገር ግን እዚያም ጋዝ እየሰጡ ደጋግሞ መምታት ቶሎ ያፍነዋል። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እጀታውን ማሸትም ቢሆን በአብዛኞቹ ትናንሽ ካርቡረተሮች ላይ ምንም ቤንዚን አይጨምርም። ስለዚህ የትኛው ዓይነት እንዳለዎት ባያውቁም ደንቡ አንድ ነው፤ ቾክ ከተሳበ ጋዝ አይነካም።

ጠዋት እንዲህ ያድርጉ። ቁልፉን ሳይከፍቱ የእግር ማስነሻውን ሦስት አራት ጊዜ በዝግታ ይርገጡ፤ የወፈረው ዘይት ይላላል፣ ሲሊንደሩም ትንሽ ትነት ይስባል። ከዚያ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ይሳቡ፣ ቁልፉን ይክፈቱ፣ ጋዝ ሳይነኩ ይምቱ ወይም ሞተሪኖውን ከአምስት ሰኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ይጫኑ። ካልነሳ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይታገሡ፤ ባትሪው ያገግማል፣ የሞተሪኖው ሽቦም ይቀዘቅዛል። በሦስት ሙከራ ካልተነሳ ቾክ እየሳቡ መቀጠል የለብዎትም፤ ታፍኗልና። ያን ጊዜ ቾኩን ይመልሱ፣ የጋዝ እጀታውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይዘው በእግር ስድስት ሰባት ጊዜ ይምቱ፤ የገባው አየር ትርፉን ቤንዚን ጠርጎ ያወጣል። በዚህ መሃል ድንገት ሊነሳና ሊጮህ ስለሚችል ማርሽ አለመግባቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ እጀታውንም ወዲያው ይልቀቁ። ከተነሳ በኋላ ቾኩን ግማሽ ያድርሱት፤ ሞተሩ ድምፁ እንደተስተካከለ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ ይመልሱት። ከዚያ ለብ እስኪል በዝግታ መንዳት ይሻላል፤ ግቢ ውስጥ አቁሞ ለረጅም ጊዜ ማሞቅ ጥላሸት ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጭስ ማውጫው ጋዝ እንደ ከሰሉ ይገድላል።

ሐረጎን ማርሽ አውጥቶ መውረድዎ በደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ ነገር ነው። ከአነሳሱ ችግር ጋር ያለውን ግንኙነት ላስቀድም። ካንዴላ ራሱን ከጥላሸት የሚያጠራው ጫፉ 450 እና 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ያን ያህል የሚሞቀው ሞተሩ ጭነት ይዞ ሲሠራ እንጂ ሥራ ፈትቶ ሲያጉረመርም አይደለም። እርስዎ ገና ያልሞቀ ሞተር፣ ቾኩ እንደተሳበ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሥራ አስፈትተው ያወርዱታል። ካንዴላን በጥላሸት ለመሙላት ሆን ተብሎ የተዘጋጀ መንገድ ቢባል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ባትሪውም በዝቅተኛ ዙር የሚሞላው በጣም ጥቂት ነው፤ ንጋት ላይ ያወጡትን ኮምቦልቻ እስኪደርሱ አይመለስልዎትም። ማታ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ ስለሚግል ጥላሸቱ በከፊል ይቃጠላል፤ የችግሩ ክብደት ከቀን ቀን የሚለያየውም በዚህ ሊሆን ይችላል።

ደኅንነቱ ግን ከአነሳሱ ይበልጣል። ማርሽ የወጣለት ሞተር ሳይክል ፍጥነቱን የሚይዝለት ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ግሎ ይዝላል፤ ጠዋት አስፋልቱ ጤዛ ይዞ ያንሸራትታል፤ ያን መንገድ የሚጋሩዎት ደግሞ ከነተሳቢያቸው የሚወጡና የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ናቸው። ቆጠብኩ የሚሉት ቤንዚንም ያን ያህል አይደለም። ማርሽ አስገብተው፣ ጋዝ ለቀው ሲወርዱ ሞተሩ የሚጠጣው እጅግ ጥቂት ነው፤ ፍጥነቱንም ራሱ ይይዝልዎታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚሠሩትን በቅደም ተከተል ልናገር፤ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፤ ርካሹና ቀላሉ ይቀድማል። መጀመሪያ ካንዴላውን በአዲስ ይቀይሩ። ቁጥሩ ከመመሪያ ደብተሩ ጋር አንድ ይሁን፤ ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው በደብተሩ ላይ አለ። ሲያስገቡት የመጨረሻው ጥርስ እስኪደርስ በጣት ያሽከርክሩት፤ ቁልፍ የሚያስፈልገው ለመጨረሻው ግማሽ ዙር ብቻ ነው። የሲሊንደሩ ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ከተጠመዘዘ ጥርሱ ይበላል፤ ያን ጊዜ ወጪው ከካንዴላው ዋጋ ብዙ እጥፍ ይሆናል። አሮጌውን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ መመለስ ለአንድ ቀን ማምለጫ ይሆናል እንጂ አይዘልቅም፤ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የገባውን ጥላሸት ብሩሽ አይደርስበትም።

ብልጭታውን ማየት ከፈለጉ አዲሱን ካንዴላ ቆቡ ውስጥ ያስገቡና ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው ያስነኩት፤ ከካንዴላው ጉድጓድ ግን ያርቁት፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ትነት ሊቀጣጠል ይችላል። አካባቢው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን መኖር የለበትም። የሚይዙትም ቆቡን ሳይሆን ጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ ነው። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ደኅና ነው፤ ቀይ፣ ቀጭንና የሚቆራረጥ ከሆነ ቆቡን፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ቦቢናና ገመዱን መመርመር ያስፈልጋል። ቆቡ ጎማው ተሰነጣጥቆ ከሆነ የጠዋት ጤዛ ገብቶ ብልጭታውን ይሰርቃል፤ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ባደረበት ቀን የሚብሰው ችግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ካንዴላው ብረት ሳይነካ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሞተሩን ማሽከርከር የማቀጣጠያ ክፍሉን ሊያቃጥል ይችላልና ይጠንቀቁ።

ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው። የታፈነ ማጣሪያ ራሱን የቻለ የማያቋርጥ ቾክ ነው። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ይመለሳል፤ ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ አየር ይነፋበታል ወይም ይቀየራል። አራት ዓመት በሠራ ሞተር ላይ ከነበረበት ሳይነካ የሚገኝ ማጣሪያ ብርቅ አይደለም፤ ይህን ብቻ በማድረግ ግማሽ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ።

ከዚያ ቤንዚኑ። ከካርቡረተሩ ሆድ ሥር ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አለ። የቤንዚን መዝጊያውን ይዝጉና ብሎኑን በካቻቢቴ ጥቂት አላልተው የሚወርደውን በንጹሕ ብርጭቆ ይቀበሉ። ብርጭቆውን አስቀምጠው ጥቂት ይጠብቁ። ውኃ ካለበት ከሥር እንደ ዶቃ ክብ ክብ ሠርቶ ሲንከባለል ያዩታል፤ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁልጊዜ ከታች ነው የሚገኘው። በግማሽ ታንክ የሚያድር ሞተር ሳይክል ውስጥ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ የታንኩ ግድግዳ ውኃ ያወጣል። ስለዚህ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይረዳል። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በመንገድ ዳር ከጀሪካንና ከፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛው ደግሞ ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ላምባ ከቤንዚን እጅግ ያነሰ ስለሚተን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እየጨሰም ቢሆን ይሄዳል፣ በብርድ ግን አይነሳም። ከብርጭቆው ጥቂት ጠብታ ወረቀት ላይ ያድርጉ፣ ከእሳት ርቀው፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ላምባ ያለበት የቅባት እድፍ ትቶ ይቆያል። እንዲህ ዓይነቱን ካገኙ ታንኩን ባዶ አድርጎ በንጹሕ መሙላት እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

አንድ ቀላል ሙከራ ደግሞ ዛሬ ማታ ያድርጉ። ሲያቆሙ የቤንዚን መዝጊያውን ይዝጉ፣ ጠዋት ሊያስነሱ ሲሉ ይክፈቱት። በዚህ ብቻ አነሳሱ ከተሻሻለ በካርቡረተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቆመው ተንሳፋፊና መርፌው እያፈሰሱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሞተሩ ሲንጠባጠብ ያድራል ማለት ነው። መርፌው ብቻውን ይቀየራል፤ ዋጋውም ከካርቡረተሩ ጋር አይነጻጸርም። የሞተር ዘይቱን መለኪያም አውጥተው ያሽትቱት። የቤንዚን ሽታ ካለው ዘይቱ ቀጥኗልና ሳይቀየር አይነዳ።

ዘይት ካነሳን ዘንድ፣ ለእነዚህ ሞተሮች በብዛት የሚሸጠው 20ደብሊው-50 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ይበልጥ ይፈስሳል። የአምራቹ ደብተር 10ደብሊው-40 የሚፈቅድ ከሆነ ለደሴ በጋ እሱን እመርጣለሁ፤ ካልፈቀደ ግን አይቀይሩ፤ በደሴ ብርድ 20ደብሊው-50 ሞተሩን ያከብደዋል እንጂ አያስቆመውም። የሞተር ሳይክል ዘይት መሆኑን፣ ማለትም ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት እንዳለው ያረጋግጡ፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።

እስካሁን የዘረዘርኩት በእርስዎ እጅ የሚሠራ ነው። ሁለት ነገሮች ግን ለመካኒክ ይተዉ፤ ምን እንደሚሠራ ግን አውቀው ይሂዱ። የመጀመሪያው የቫልቭ ክፍተት ነው። ሞተሩ በሠራ ቁጥር ቫልቮቹ፣ ማለትም የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ ክዳኖች፣ ወደ መቀመጫቸው እየገቡ ክፍተቱ ይጠባል፤ ጨርሶ ሲጠብ ቫልቩ አይገጥምም፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፣ መጀመሪያ የሚታየውም በጠዋት አነሳስ ላይ ነው። በብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ክፍተቱ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእርስዎን ሞዴል ልክ ደብተሩ ይነግርዎታል። መለካት ያለበት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ በስስ ብረት መለኪያ ነው። ሞተሩ እየጋለ በጆሮ ልስተካክለው የሚል ካጋጠመዎት ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ።

ሁለተኛው ድብልቁን ለከፍታው መመጠን ነው። በካርቡረተሩ ጎን ያለችው ትንሽ የድብልቅ ብሎን ከመነካቷ በፊት እስክትዘጋ ድረስ ስንት ዙር እንደሄደች ይቆጠር፤ ቢበላሽ መመለሻ ይሆናል። ብሎኗ ከካርቡረተሩ መሃል ወደ ሞተሩ ባዘነበለው ወገን ከሆነች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፣ ስትጠበቅ ቤንዚኑ ይቀንሳል፤ ወደ አየር ማጣሪያው ወገን ከሆነች ግን የምትቆጣጠረው አየር ነው፣ ስትጠበቅ ቤንዚኑ ይበዛል። ይህን ያልለየ ሰው ሊያስተካክል ሲል ያብሰዋል። በብሎኗ ብቻ ካልተስተካከለ ዋናውን የቤንዚን ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ በአንድ ደረጃ ባነሰ ቀዳዳ መቀየር ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ። እርስዎ በየቀኑ ከ2,500 ወደ 1,850 ሜትር የሚወርዱ ሰው ነዎት። ጄቱ ከመጠን በላይ ካነሰ ኮምቦልቻ ላይ ቤንዚን ያጥረዋል፤ ቤንዚን ያጠረው ሞተር ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል። ስለዚህ ከአንድ ደረጃ አይለፉ፤ ከተቀየረ በኋላም የካንዴላውን ቀለም ኮምቦልቻ ላይ ይዩት። ነጭ ሆኖ ከተገኘ የቀድሞው ጄት ይመለስ። ጄቱን በሽቦ የሚያጸዳ መካኒክም አይፍቀዱ፤ ቀዳዳው በሽቦ ይሰፋል።

ለባትሪው የምመክረው መለካት ብቻ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ቁልፍ ሳይከፈት፣ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ሞተሪኖው ሲያሽከረክር ከ10 ቮልት በታች በብዙ ከወረደ ባትሪው ወይም የገመዱ ጫፍ ደካማ ነው። ሞተሩ በጥሩ ዙር ሲሠራ ደግሞ 14 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት፤ ካልታየ አልሞላ ያለው ሞተር ሳይክሉ እንጂ የባትሪው ጥፋት አይደለም። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ እንጂ የቧንቧ ውኃም አሲድም አይጨመርበት።

ገፍቶ ማስነሳት የደሴ ቁልቁለት ለሁሉም ያስተማረው ዘዴ ነው። ባትሪ ሲደክም ይሠራል፤ የታፈነ ሞተር ላይ ግን ቤንዚኑን ወደ ጭስ ማውጫው ያፈስሰዋል። ቢያደርጉትም መብራቱ መሥራቱን፣ ፍሬኑ መያዙን አይተው፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከዋናው መንገድ ውጭ ያድርጉት። በንጋት ጨለማ ወደ አስፋልት ሞተር ሳይክል እየገፉ መግባት ለሕይወት ያሰጋል።

የመጨረሻው ምክሬ ግልጽ ነው። ካርቡረተር አይግዙ፣ ሞተሩንም አያስከፍቱ። አዲስ ካንዴላ፣ ንጹሕ ማጣሪያ፣ ንጹሕ ቤንዚን፣ ጋዝ ያልተነካበት አነሳስ፣ ቶሎ የሚመለስ ቾክ፣ ማርሽ የገባለት የሐረጎ ቁልቁለት፤ እነዚህን አንድ ሳምንት ያህል ይሞክሩ። ከዚያ የቫልቩን ክፍተት ያስለኩ፣ ድብልቁን ያስመጥኑ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሳ ብቻ ነው ኮምፕሬሽን የሚለካው። በመጀመሪያ ልኬት ካነሰ በካንዴላው ጉድጓድ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ የተበሉት የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው፤ ካልጨመረ የሚያስመልጠው በአብዛኛው ቫልቩ ነው። ሞተር ለመክፈት ምክንያት የሚሆነው ይህ ውጤት ነው። ወደ ጋራዥ ሲወስዱትም ማታ ወስደው እዚያው ያሳድሩት፤ እየነዱ ወስደው ሙቅ ሞተር ካስረከቡት መካኒኩ ጠዋት የሚያዩትን ችግር አያየውም፣ የሚነግርዎትም ግምቱን ነው። ንጋት ላይ ሄደው እሱ ሲያስነሳው አብረው ይቁሙ፤ ካልተነሳ ካንዴላውን እዚያው፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ እንዲያወጣው ይጠይቁት።